ከደጋው ወርዶ ደሴት ለመጎብኘት፦ ሐይቁን፣ ጊዜውንና ጀልባውን እንዴት መምረጥ ይገባል?

በአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አዝመራ ተሰብስቦ፣ አውድማው ጸድቶ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ያሉት የጥርና የየካቲት ሳምንታት ለገበሬውም ለከተማ ነዋሪውም የዕረፍት ጊዜ ናቸው። በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በሳጉሬና በኢተያ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች፣ የሥራ ባልደረቦችና የዕድር አባላት ይህን ጊዜ ለጉዞ ይመርጡታል። ከጉዞዎቹ መካከል ወደ ሞቃት ቆላ ወርዶ በጀልባ ደሴት መጎብኘት አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ የጀልባ ጉዞ እንደ አውቶቡስ ጉዞ አይደለም። ሐይቁ በተሳሳተ ወቅት ቢመረጥ፣ ጀልባው ሳይታይ ቢከራይ ወይም የጤና ጥንቃቄው ቢዘነጋ፣ ለዓመት የተቆጠበ ገንዘብ ከመባከኑ ባሻገር በሕይወትም ላይ አደጋ ሊደርስ ይችላል። በደጋ ያደገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋና አይለምድም። የወባ ትንኝም በብዛት በማይገኝበት አየር የኖረ ነው። በመሆኑም ከመነሳቱ በፊት ወዴት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ጀልባና በምን ያህል ወጪ እንደሚሄድ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

የባሕር ሽርሽርና የሐይቅ ሽርሽር

በሌላው ዓለም የደሴት ሽርሽር ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው በትልቅ መርከብ የሚደረግ የብዙ ቀናት ጉዞ ነው። መርከቧ እንደ ተንቀሳቃሽ ሆቴል መኝታና ምግብ እያቀረበች መንገደኛውን ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ታደርሳለች። በካሪቢያን ባሕርና በሜዲትራኒያን ይህ የጉዞ ዓይነት የተለመደ ነው።

ኢትዮጵያ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ስለዚህ በአገር ውስጥ የደሴት ሽርሽር የሚደረገው በሐይቆች ላይ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ጣና ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የሚመቹ ሲሆን፣ ከአብዛኞቹ የባሕር ደሴቶች የሚለያቸው በደሴቶቹ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ሕዝብ፣ ገዳምና የብራና መጽሐፍ መገኘቱ ነው። ጉዞው በአብዛኛው ጠዋት ወጥቶ በዚያው ዕለት የሚመለሱበት በመሆኑም ወጪው ከባሕር መርከብ ጉዞ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሙቀቱን የሚወስነው ከፍታው ነው

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከጀርባዋ ያለው የጭላሎ ተራራ ከ4000 ሜትር ይበልጣል። የአየር ሙቀት በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚለያይ፣ የሐይቁን ከፍታ ያወቀ ሰው ምን ዓይነት አየር እንደሚጠብቀው አስቀድሞ መገመት ይችላል።

የደምበል ሐይቅ፣ በቀድሞ መጠሪያው የዝዋይ ሐይቅ፣ 1640 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህም ከአሰላ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ በመሆኑ አየሩ በ5 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል ማለት ነው። ጣና ወደ 1800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው የባሕር ዳር ቀን ሞቃት፣ ሌሊቱ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ የሚገኘው የጫሞ ሐይቅ ደግሞ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሙቀቱ ከሁሉም ይበረታል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን የቀትር ፀሐዩ ሊከብድ ይችላል።

በአንጻሩ በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ደሴትም ገዳምም ያለው ውብ ሥፍራ ነው። ሆኖም ከፍታው ከአሰላ የሚበልጥ በመሆኑ ሙቀት ፍለጋ የወጣ የአርሲ ሰው የሚያገኘው የለመደውን ብርድ ነው። ወንጪ ለውበቱ ይመረጣል እንጂ ለሙቀቱ አይመረጥም።

ደምበል፦ ከአርሲ ወንዞች በታች ያሉት ደሴቶች

ለአሰላና ለአካባቢዋ ነዋሪ ቅርቡ ምርጫ ደምበል ነው። የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ራሱ በአርሲ ዞን በዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። አብዛኛው የጎብኚ ጀልባ የሚነሳው ግን በምዕራቡ ዳርቻ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ካለችው ከባቱ ከተማ ነው። ከአሰላ በአዳማ፣ በሞጆና በመቂ ዞሮ ባቱ መድረስ ረዘም ቢልም አስፋልቱ አስተማማኝ ነው። በኦጎልቾ በኩል ለማቋረጥ የሚያስብ ደግሞ የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ከአሽከርካሪዎች አጣርቶ ቢነሳ ይመረጣል።

ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ10 ሜትር አይበልጥም። በላዩ ላይ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ የተባሉ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን ስሙ በአፋን ኦሮሞ “ትልቅ ተራራ” ማለት ነው። በደሴቱ አናት ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ይገኛል። በቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት መሠረት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት በመሸሽ 70 ዓመት ያህል አቆይተዋታል። በገዳሙ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።

የደሴቶቹ ባለቤት የዛይ ሕዝብ ነው። ዛዮች ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ ያላቸው ሲሆን፣ ኑሯቸው በዓሣ ማስገር፣ በሽመናና በእርሻ ላይ የተመሠረተ ነው። ጠባብና ተዳፋት የሆነውን የደሴት መሬት በድንጋይ እርከን ደግፈው ለዘመናት ሲያርሱት ኖረዋል። ለአርሲ ገበሬ ከገዳሙ ባልተናነሰ ሊታይ የሚገባው ይህ እርከን ነው። በደርግ ዘመን ብዙዎቹ ዛዮች ከደሴት ወጥተው በሐይቁ ዳርቻ ስለሰፈሩ፣ ዛሬ በደሴቶቹ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ቁጥር አነስተኛ ነው።

ይህን ጉብኝት ለደገኛው የተለየ የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። ደምበልን ከሚመግቡት ሁለት ዋና ዋና ወንዞች አንዱ መቂ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ከታር ነው። በጭላሎና በገላማ የዘነበው ዝናብ፣ ከማሳ የታጠበው አፈርና ከአፈሩ ጋር የሄደው ማዳበሪያ ማረፊያቸው ይህ ሐይቅ ነው። በክረምት ማግስት በከታር መግቢያ አካባቢ የሚታየው የደፈረሰ ውኃ የደጋው አፈር ነው። ሐይቁ ራሱ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ስለሚፈስ፣ በላይ የሚወሰደው የመስኖ ውኃ ሲበዛ በታች ያለው አብጃታ እየቀነሰ ይሄዳል። በላይኛው ተፋሰስ እርከን የሚሠራ ገበሬ ለማን ጭምር እንደሚሠራ በጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ይችላል።

ጊዜና ገንዘብ አጠር ላለው ጎብኚ ለከተማዋ ቀረብ ያሉትን ደሴቶች በግማሽ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል። ቱሉ ጉዶን ለማየት ግን ሙሉ ቀን መመደብ ይሻላል፤ ከጀልባ ከወረዱ በኋላ ወደ ገዳሙ የሚወስደው ዳገትም አለና። ከአረጋዊ ጋር የሚጓዝ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ጣና፦ ብዙ ደሴት፣ ረጅም መንገድ

ሰፊ ጊዜ ላለው፣ በተለይም ታሪክና ገዳማትን ለሚሻ ሰው፣ የጣናን ያህል ምርጫ የለም። ጣና የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ስፋቱ እንደየወቅቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በላዩ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ ከእነዚህም በብዙዎቹ ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ይገኛሉ። ሐይቁና አካባቢው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

ጣናን ለመጎብኘት የተነሳ ሰው “ወደ ጣና እሄዳለሁ” ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ የትኛውን ክፍል እንደሚያይ መለየት አለበት። ከባሕር ዳር ተነስቶ በሞተር ጀልባ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረሰው የዘጌ ልሳነ ምድር፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም የሚገኙበት፣ በቡና ደን የተሸፈነ ሥፍራ ነው። ወደ ሐይቁ መካከል ያሉት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስና በደቅ ደሴት አጠገብ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ግን የሰዓታት መንገድ ናቸው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት አፅም ይገኛል። ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እነዚህን ሩቅ ገዳማት በግማሽ ቀን ለመጨረስ መሞከር በሞገድ ሰዓት መሐል ሐይቅ ላይ መገኘትን ያስከትላል።

በቤተሰብ ለሚጓዙ ሌላም መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን የመሳሰሉ የወንዶች ገዳማት ሴቶችን አያስገቡም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ይህን ሳይጠይቁ ጀልባ ተከራይተው ከሄዱ በኋላ እናትና ሴት ልጆች በዳርቻ ተቀምጠው የሚጠብቁበት አጋጣሚ ይፈጠራል።

ከአርሲ ወደ ባሕር ዳር በየብስ መሄድ አዲስ አበባ ላይ ማደርን የሚጠይቅ ረጅም ጉዞ ነው። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተከሰተው ግጭት ምክንያት የየብስ መንገዱ ሁኔታ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ ቀብድ ከመክፈል በፊት የጉዞውን ደኅንነት በከተማዋ ካሉ ዘመዶች፣ ከሆቴሎችና ከትራንስፖርት ድርጅቶች ማጣራት የግድ ነው። ደሴቶቹና ከተማዋ የየራሳቸው ሁኔታ ስላላቸው ስለ ሁለቱም ለየብቻ መጠየቅ ይገባል።

ሌሎች አማራጮች

ከደሴት ይልቅ የዱር እንስሳ ማየት ለሚፈልግ የጫሞ ሐይቅ የተሻለ ነው። በጫሞ የጀልባ ጉዞ ዋናው መስሕብ አዞዎች በብዛት ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት፣ “የአዞ ገበያ” በመባል የሚታወቀው ዳርቻ ሲሆን ጉማሬዎችና ልዩ ልዩ አዕዋፍም ይታያሉ። በአጠገቡ ያለው የአባያ ሐይቅ ደግሞ ነዋሪዎች ያሉባቸው ደሴቶች አሉት።

ጀልባ ለሚፈሩ፣ በውኃ ዳር ተቀምጠው መዝናናት ለሚሹ ደግሞ ላንጋኖ ቅርብ ነው። የላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከአርሲ ደጋ ግርጌ ያለ ሲሆን፣ ውኃው ቡናማ ቢሆንም ለዋና ከሚመረጡት ሐይቆች አንዱ ነው። ሐዋሳም የጀልባ ሽርሽርንና የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያ በአንድ ላይ ታስተናግዳለች።

በባሕር ማዶ ደሴት ለሚያስብ ጎብኚ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሲሸልስ ይበርራል። ዛንዚባር በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በጥርና በየካቲት ሞቃትና በአመዛኙ ደረቅ ናት፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ግን የከባድ ዝናብ ወቅቷ ነው። ተጓዡ ፓስፖርት፣ የመግቢያ ፈቃድና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ ደሴቲቱ የሚገባ የውጭ ዜጋ የግዴታ የጉዞ መድን እንዲገዛ ተደንግጓል፤ ክፍያው ለአዋቂ 44 የአሜሪካ ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚከፈል ማንኛውም ጉዞ በብር ሲሰላ በእጅጉ መወደዱንም ማስታወስ ይገባል።

በትልቅ መርከብ የሚደረገውን የባሕር ሽርሽር በተመለከተ፣ በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ መኝታንና መደበኛ ምግብን ብቻ ይይዛል። እስከ መነሻ ወደቡ ያለው የአውሮፕላን ቲኬት፣ በየደሴቱ የሚደረገው ጉብኝትና ጉርሻ ተጨማሪ ናቸው። መርከቧ ለምትቆምባቸው አገሮች ሁሉ የመግቢያ ፈቃድ ሊጠየቅ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

የትኛው ወር፣ የትኛው ሰዓት?

ለአርሲ ነዋሪ ከጥር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በሦስት ምክንያቶች ይመረጣል። አንደኛ፣ አዝመራው ተሰብስቧል። ሁለተኛ፣ የበጋው ደረቅ አየር መንገዱንም ሰማዩንም ያመቻቻል። ሦስተኛ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚዘልቀው ዋናው የወባ መተላለፊያ ወቅት ያልፋል፤ አነስተኛው የሚያዝያና የግንቦት ወቅትም ገና አልደረሰም። በጥር 11 ቀን በሐይቆቹ ዳርቻ የሚከበረውን ጥምቀት ማየት ለሚሹም ወቅቱ ይገጥማል። ሆኖም በበዓሉ ሰሞን መኝታና ጀልባ ስለሚወደድና ስለሚጣብብ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል።

ከወሩ ይልቅ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። በደምበልም ሆነ በጣና ውኃው ጠዋት ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ እየበረታ ሞገድ ያስነሳል። ደምበልን የመሰለ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሐይቅ በአጭር ጊዜ ውስጥ አጫጭርና ተከታታይ ማዕበል ይፈጥራል፤ ይህም ለትንሽ ጀልባ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነስቶ፣ ለቅርብ ደሴቶች እስከ ቀኑ 6 ሰዓት መመለስ ይመከራል። ረጅም ጉዞ የሚያደርግም የመልሱን ሰዓት ከባለ ጀልባው ጋር ቀድሞ ይወስናል። ነፋስ ተነስቶ ባለ ጀልባው “ትንሽ እንጠብቅ” ቢል፣ መቸኮል የጎብኚው ሳይሆን መዘግየቱ የሁሉም ጥቅም ነው።

ጀልባ ከመሳፈር በፊት የሚታዩ ነገሮች

ጀልባ ሲመረጥ ቀለሙና ጣሪያው ብቻ መታየት የለበትም። ከመክፈል በፊት የሚከተሉትን በዓይን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

• የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ መኖሩ። ጃኬቱ በጀልባው ወለል ተከምሮ መታየቱ አይበቃም፤ ማሰሪያው የሚሠራ፣ ለሕፃናትም በልካቸው የተዘጋጀ መሆን አለበት። ከመነሻ እስከ መድረሻ ደረት ላይ ታስሮ ይቆያል።

• የተሳፋሪ ብዛት። ጀልባው ስንት ሰው እንደሚይዝ ተጠይቆ ከዚያ በላይ ሲጫን ከተገኘ ወርዶ ሌላ መፈለግ ይገባል። “አንድ ሰው ብቻ እንጨምር” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ለመቀነስ በራሱ በተሳፋሪው ነው።

• ሞተርና ነዳጅ። ለመሄጃም ለመመለሻም የሚበቃ ነዳጅ፣ ሞተሩ ቢቆም የሚያገለግል መቅዘፊያና ውኃ መቅጃ ዕቃ መኖሩ ይረጋገጣል።

• ነጂው። ስካር የሚታይበት ወይም ሐይቁን በቅጡ የማያውቅ ሰው ጀልባ እንዲነዳ መፍቀድ የለበትም። በሁለቱም ሐይቆች የተስፋፋው የእምቦጭ አረም የሞተር ማራገቢያን ስለሚተበትብ መተላለፊያውን የሚያውቅ ነጂ ያስፈልጋል።

• ግንኙነት። ወዴት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ በየብስ ለቀረ ሰው መንገር ቀላልና ዋጋ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

በጉዞ ላይ ሳሉ ፎቶ ለማንሳት ሁሉም ወደ አንድ ጎን መሰብሰብ ጀልባ ይገለብጣል። ጉማሬ በታየበት ሥፍራም ነጂው እንዲጠጋ መገፋፋት አይገባም። ጉማሬ በተለይ ግልገል ሲይዝ ወይም ከጥልቁ ውኃ የሚያቋርጠው ነገር ሲያጋጥመው ጀልባን ያጠቃል።

የደገኛ ሰው ጤና በቆላ

ወባ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ2000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች የሚተላለፍ በሽታ ነው። በአሰላ ከፍታ የኖረ ሰው በሽታውን ደጋግሞ ስላልተጋፈጠ፣ ሲይዘው ሊጠናበት ይችላል። በሐይቆቹ ዳር የሚያድር ሁሉ ከምሽት ጀምሮ ሙሉ ልብስ መልበስ፣ በአጎበር ውስጥ መተኛትና የትንኝ መከላከያ ቅባት መጠቀም አለበት። ነፍሰ ጡሮችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ስለ መከላከያ መድኃኒትም ከመነሳት በፊት ሐኪም ማማከር ጠቃሚ ነው።

የወባ ምልክት የሚታየው ትንኟ ከነከሰች ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ጎብኚው በዚያን ጊዜ አሰላ ተመልሶ ሥራውን ጀምሯል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሲሰማው “ጉንፋን ነው” ብሎ ከመተኛት ይልቅ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን መመርመርና ቆላ ወርዶ እንደነበር ለባለሙያው መናገር አለበት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። የበሽታው ተሕዋስ በሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውኃው ይለቀቅና በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ አልፎ ወደ ሰውነት ይገባል። በደምበልና በጣና ዳርቻዎች በሽታው እንደሚገኝ ይታወቃል። በመሆኑም ሣርና ቄጠማ በበዛበት ዳርቻ መዋኘት፣ በባዶ እግር መራመድና ልጆችን ማንቦጫረቅ አይመከርም። ውኃ የነካው ቶሎ በፎጣ ማድረቅ፣ ከወራት በኋላ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ያየ መመርመር ይገባዋል፤ በሽታው የሚድን ነው። የሐይቁን ውኃ ሳያፈሉ መጠጣትም ሆነ ዓሣ በጥሬው መብላት ሊቀር ይገባል።

ወጪውን እንዴት ማስላት ይቻላል?

በአብዛኞቹ ሐይቆች ጀልባ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሙሉ ጀልባ ነው። ሦስት ሰዎች ቢሳፈሩም ሰባት ቢሳፈሩም ኪራዩ ያው ነው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቤተሰቦች ተባብረው፣ የጀልባውን ልክ ሳያልፉ ቢጓዙ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። በዕድር፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚደረግ ጉዞ የሚረክሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኪራይ ሲደራደሩ ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር በግልጽ መነጋገር ያሻል። የትኞቹ ደሴቶች ይጎበኛሉ? በእያንዳንዱ ስንት ሰዓት ይቆማል? ነዳጁ የማን ነው? አስጎብኚው ለብቻው ይከፈላል ወይስ ተካቷል? የገዳማት መግቢያ በየገዳሙ ለየብቻ የሚከፈል ሲሆን፣ ለኢትዮጵያውያን ከውጭ ዜጎች ያነሰ ነው። ሙሉ ክፍያ ከጉዞ በፊት ከመስጠት ይልቅ ከፊሉን ቀብድ ሰጥቶ ቀሪውን በሰላም ሲመለሱ መክፈል ለሁለቱም ወገን ይበጃል። በማኅበር የሚሠሩ ባለ ጀልባዎች ባሉበት ተራና ደረሰኝ ስለሚኖር፣ በመንገድ ላይ ከሚጎትት ደላላ ይልቅ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ መሄድ ይሻላል።

ለመጠባበቂያ የሚሆን ገንዘብም ከበጀቱ ውስጥ መለየት አለበት። መኪና ቢበላሽ፣ ነፋስ ጉዞውን ለማግስቱ ቢያሳድር ወይም ሰው ቢታመም መመለሻ ያጣ ቤተሰብ ዕረፍቱ ወደ ችግር ይለወጥበታል። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለልጆች ትምህርት ቤት የተቀመጠ ገንዘብ ለሽርሽር መነካት እንደሌለበት ደግሞ ለገበሬ የሚነገር አይደለም።

እንግዳና ባለ ደሴት

ደሴቶቹ የሰዎች መኖሪያና የጸሎት ሥፍራ ናቸው። በገዳም ጫማ ማውለቅ፣ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ መልበስና ፎቶ ከማንሳት በፊት መጠየቅ የተለመደ ሥርዓት ነው። ከአርሲ የሚሄዱ ሙስሊም ጎብኚዎችም ቢሆኑ የሐይቁን አዕዋፍ፣ የዓሣ አጥማጆቹን ሥራና የዛይን እርከን ለማየት በደሴቱ የሚያገኙት መስተንግዶ ለማንም እንግዳ የሚደረገው ነው። ሁሉም በየሃይማኖቱ የሚመገበውን ስንቅ ይዞ ቢሄድ ደግሞ አይቸገርም፤ በደሴቶቹ ላይ ምግብ ቤት እንደልብ አይገኝምና።

ጎብኚው ከደሴት ነዋሪው ዓሣ ወይም የሸማ ሥራ ቢገዛ፣ አስጎብኚውን ከዚያው ቢቀጥር ገንዘቡ ሐይቁን በሚጠብቁት ሰዎች እጅ ይቀራል። የውኃ መጠጫ ፕላስቲክና የጫት ገረባ ግን ከመጣበት መኪና ጋር መመለስ አለበት፤ በሐይቅ ላይ የተጣለ ፕላስቲክ በመረብ ተይዞ የሚወጣው በዓሣ አጥማጁ ነው።

በጥቅሉ ሲታይ፣ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ያለውና ከልጆች ጋር የሚጓዝ የአርሲ ቤተሰብ ደምበልን ቢመርጥ፣ አራት ቀንና ከዚያ በላይ ያለውና ገዳማትን ለማየት የሚሻ የደኅንነቱን ሁኔታ አጣርቶ ጣናን ቢመርጥ፣ እንስሳትና ብርቱ ሙቀት የሚፈልግ ወደ ጫሞ ቢወርድ ያዋጣዋል። ጀልባን የሚፈራ ሰው በላንጋኖ ዳር ቢቀመጥ አያፍርም። የትኛውም ቢመረጥ ጠዋት መነሳት፣ ጃኬት ማሰር፣ በአጎበር መተኛትና ትኩሳት ሲሰማ ሳይዘገዩ መመርመር የማይታለፉ ናቸው።